የእንስራው አፍ፦ የመጠጥ ውሃን ለክፉ ጊዜ በቤት ማቆየት እንደ ታሪክ ጉዳይ



የዘንድሮውን የፋኩልቲያችንን የሕዝብ ንግግር እንዳቀርብ በመጋበዜ አዘጋጆቹን ከልብ አመሰግናለሁ። ርእሴን ባስታወቅሁ ጊዜ ከኮሚቴው አባላት አንዱ «ይህ የጤና ትምህርት ነው ወይስ የታሪክ?» ብለው እንደ ጠየቁ ሰምቻለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን በክርክር ከመስጠት ይልቅ ሁላችንም በምናውቀው የጦርነት ታሪክ ብጀምር ይሻላል።

በ1888 ዓ.ም. በታኅሣሥ መገባደጃ የዐፄ ምኒልክ ሠራዊት መቀሌ ደርሶ በእንዳ ኢየሱስ የተሠራውን የጣሊያን ምሽግ ከበበ። በውስጡ በሻለቃ ጋሊያኖ የሚታዘዝ፣ ቍጥሩ ከሺህ የሚበልጥ ጦር ነበር። ግንቡ ጽኑ፣ መድፉም የተጠመደ ስለ ነበረ በግንባር የተሰነዘረው ጥቃት ብዙ ሰው አስጨርሶ ሳይሳካ ቀረ። ነገር ግን ምሽጉ አንድ ጕድለት ነበረበት። ጦሩ የሚጠጣው ምንጭ የሚገኘው ከቅጥሩ ውጭ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ይህን አስተውለው ምንጩ እንዲያዝ መከሩ፤ ወታደሮቻቸውም ያዙት። ጥር ሲጋመስ ጋሊያኖ በድርድር ምሽጉን ለቅቆ ወጣ። እርሱ ራሱ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዓድዋ ላይ ወደቀ።

ይህን ታሪክ የምናስተምረው የእቴጌይቱን ብልሃት ለማሳየት ነው፤ ማስተማራችንም ትክክል ነው። እኔ ግን ለአንድ አፍታ ከቅጥሩ ውስጥ ሆናችሁ እንድታዩት እለምናለሁ። ምንጩ ከተያዘበት ሰዓት ጀምሮ በምሽጉ ውስጥ ወሳኝ የሆነው ጥይት አይደለም። በዕቃ የተጠራቀመው ውሃ ስንት ነው? ለስንት ሰው፣ ለስንት ቀን ይበቃል? በምን ዕቃ ተቀምጧል? ማንስ ይቀዳዋል? ግንቡን ያቆመው መሐንዲስ በቅድሚያ ሊያስብበት ይገባ የነበረው ጥያቄ ይህ ነበር፤ ተጠይቆም ከሆነ በበቂ አልተመለሰም። የዛሬው ንግግሬ ይህንኑ ጥያቄ ከምሽግ አውጥቶ ወደ ጓዳ ያስገባዋል።

እኛ የታሪክ ባለሙያዎች ስለ ውሃ ስንጽፍ ዓይናችን ምንጩ ላይ ያርፋል። አክሱም ላይ ማይ ሹምን እናነሣለን። አዲስ አበባ ላይ ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ወደ ቤተ መንግሥት በቧንቧ ያወረደውን ውሃ፣ ቍልቍል የወረደው ውሃ ተመልሶ ወደ ግቢው ኮረብታ ሲወጣ ሕዝቡ እንዴት እንደ ተደነቀ እንተርካለን። ከዚያ በ1930ዎቹ ገፈርሳን፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለገዳዲን፣ በ1990ዎቹ መባቻ ድሬን እንቆጥራለን። እነዚህ ሁሉ የመንግሥት ሥራዎች ናቸው፤ ሰነድ አላቸው፤ ምረቃ አላቸው፤ ፎቶግራፍ አላቸው። ውሃው ከቧንቧው አፍ ወጥቶ ሰው አፍ እስኪደርስ ድረስ ያለው ጕዞ ግን ሰነድ የለውም። የዛሬው ክርክሬ በአጭሩ ይህ ነው፦ በከተሞቻችን ምንጩ እየጠራ በሄደ መጠን አደጋው ወደ ማስቀመጫው ዕቃ ተዛውሯል፤ ታሪካችን ግን አሁንም ምንጩ ዘንድ ቆሟል።

በልጅነቴ ሰሜን ሸዋ ውስጥ የእናቴ ቤት የሚጠጣው በእንስራ ነበር። የእንስራን ቅርጽ አስታውሱ። ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ፣ ጆሮዎቹ ለገመድ የተመቹ ናቸው። እናቴ ከምንጭ ስትመለስ አፉን በንጹሕ ቅጠል ትወትፈው ነበር። ያ ውታፍ የተደረገው ለንጽሕና ሳይሆን ዳገት ስትወጣ ውሃው ጀርባዋ ላይ እንዳይፈስ ነው። የአንገቱም ጥበት ቢሆን የተሸካሚዋን ድካም ለማቅለል ታስቦ የተሠራ እንጂ ስለ በሽታ የሚያውቅ ሰው የነደፈው አይደለም። ውጤቱ ግን ከዓላማው የሚበልጥ ሆነ። እንስራ ውስጥ እጅ መክተት አይመችም። ኩባያ አይነከርበትም። ውሃው የሚወጣው በማዘንበል ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር ልማዱ ነው። እንስራ በየጊዜው ይገለበጣል፣ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ በወይራ ይታጠናል። ጭሱ የተሕዋስያንን ዘር ያጠፋል ብዬ እዚህ አልከራከርም፤ እሱን ለሌላው ፋኩልቲ እተወዋለሁ። ለእኔ የሚታየኝ ሌላ ነው። ሊታጠን የሚገባው ዕቃ መጀመሪያ ባዶ መሆን፣ መታጠብና መድረቅ አለበት። የወይራው ሽታ ውሃው የሚወደድበት ጣዕም ስለ ነበረ ጽዳቱ በግዴታ ሳይሆን በደስታ ይደገም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ እንደ ታሪክ ሰው እወቀሳለሁ። ይህን ዕቃ የሚሠሩት እነማን ነበሩ? በብዙ የአገራችን ክፍል ሸክላ ሠሪዎቹ ሴቶች ናቸው። በጎንደር ዙሪያ የቤተ እስራኤል ሴቶች በዚህ ሙያ የታወቁ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች «ቡዳ» እየተባሉ ተርተውባቸዋል፤ ከመሬት ባለቤትነትና ከጋብቻ ርቀው ኖረዋል። ከእጃቸው የወጣውን ዕቃ ግን አገሩ በሙሉ ይጠጣበት ነበር። በአገራችን የሕዝብ ጤና ታሪክ ውስጥ ስማቸው የሚነሣበት ምዕራፍ እስካሁን አላየሁም።

እንስራን ላወድስ ብዬ ግን ያለፈውን ዘመን እንዳላስጌጥ እጠነቀቃለሁ። ዕቃው ጥሩ ቢሆንም ምንጩ ክፍት ነበር፤ ከብቱም ሰውም አብሮ ይጠጣበት ነበር። የቆሸሸ ውሃ በጠባብ አንገት ስለ ገባ አይጠራም። በ19ኛው ምእተ ዓመት አገራችን በኮሌራ ደጋግማ ተመትታለች። በ1858 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በጣና ዳር ቆራጣ ላይ ሰፍሮ ሳለ በሽታው በገባበት ጊዜ፣ በእጃቸው የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ሰፈሩ ወደ ደጋ እንዲነሣ መክሯል። ንጉሡም ሠራዊቱን አንሥተው ወደ ደብረ ታቦር ሄዱ። ምክሩ በዘመኑ ዕውቀት ልክ ነበር፤ በሽታን ከመጥፎ አየር ጋር የሚያያይዙት ሰዎች ገና ብዙ ነበሩ። ለንደን ላይ ጆን ስኖው የብሮድ ስትሪትን የውሃ ፓምፕ ከኮሌራ ጋር ያገናኘው እ.ኤ.አ. በ1854 ነው፤ ሆኖም በሰፊው ተቀባይነት እስኪያገኝ ብዙ ዓመታት ወስዷል። ሮበርት ኮኽ ተሕዋሲውን መጀመሪያ ግብፅ፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1884 ካልካታ ውስጥ፣ ሰዎች በሚጠጡበት ኵሬ ሳይቀር እስኪያገኘው ድረስ መሸሽ ከሁሉ የሚሻል መድኃኒት ነበር። ካልካታን ልብ በሉልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ከተማ እንግባ። ቧንቧ ወደ አዲስ አበባ ሰፈሮች ሲገባ በአንድ በኩል ትልቅ ድል ነው። የተጣራና ክሎሪን የተጨመረበት ውሃ ከምንጩ ተሽሏል። ነገር ግን ቧንቧ የመቋረጥን ጠባይ ይዞ መጣ። ወንዝ በፈረቃ አይመጣም፤ ቧንቧ ይመጣል። በመሆኑም ከተሜው ከገጠሬው ይልቅ ብዙ ውሃ በቤቱ ማጠራቀም ግድ ሆነበት። እንስራ አይበቃውም። በምትኩ የገባው በርሜል ነው። በርሜል በመጀመሪያ የነዳጅና የዘይት ዕቃ ነበር፤ አናቱ ተቈርጦ የውሃ ዕቃ ሆነ። አፉ የሆዱን ያህል ሰፊ ነው። ከእርሱ ውሃ የሚወጣው በጣሳ ነው፤ ጣሳው በእጅ ይያዛል፤ እጁም ከጣሳው ጋር ይጠልቃል። ክዳን ቢኖረውም ጣውላ ወይም ቆርቆሮ ነው፤ በላዩም ሌላ ዕቃ ይቀመጥበታል። ከባድ ስለሆነ አይገለበጥም። ስለማይገለበጥም አይታጠብም። ገና ሳያልቅ ፈረቃ ሲደርስ ከላዩ ይሞላል፤ ስለዚህ ከታች ያለው ውሃ ዕድሜው ስንት እንደ ሆነ ማንም አያውቅም።

እንግዲህ ነገሩን ስናየው በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ነገሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ሄዱ። የውሃው መጠን ጨመረ፣ ምንጩም ጠራ፤ የማስቀመጫው ደኅንነት ግን ወረደ። የተጣራ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ክፍት ዕቃ ውስጥ እየተነነ ያልቃል። ዛሬ ጧት ከቧንቧ ሲቀዳ ራሱን ይከላከል የነበረ ውሃ፣ ከሦስት ቀን በኋላ አንድ ያልታጠበ እጅ ቢገባበት የሚከላከልበት ኃይል አይኖረውም።

ይህን የማወራው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ አዲስ አበባ ውስጥ አተት በገባ ጊዜ በእኔ ቤት አንዲት ሕፃን ታማ ነበር፤ የእህቴ ልጅ ናት። ሁለት ሌሊት ሐኪም ቤት አድራ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነች። እኔ ወዲያው ጣቴን ወደ ቧንቧው ቀሰርሁ፤ ተቈጥቼ ደብዳቤ ለመጻፍም ተነሥቼ ነበር። ከባዮሎጂ የመጣ አንድ ወዳጄ «መጀመሪያ ናሙና እንውሰድ» አለኝ። ከቧንቧውና ከበርሜሉ ቀድቶ ሄደ። የቧንቧው ውሃ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። የበርሜሉ አልነበረም። የልጅቱ ሕመም ከየት እንደ መጣ ይህ ያረጋግጣል ማለት አይደለም፤ ከቤት ውጭም ትበላና ትጠጣ ነበር። ነገር ግን ደብዳቤው አልተጻፈም። በዚያ በርሜል ከ11 ዓመት በላይ ጠጥተንበታል፤ ከ11 ዓመት ውስጥ ተገልብጦ የታጠበበትን ቀን ማስታወስ የቻለ ከቤታችን አልተገኘም።

እግረ መንገዴን ስለ ስሙ አንድ ቃል ልበል። በ1998 ዓ.ም. እና ከዚያም ወዲህ ይህ በሽታ በይፋ የተጠራው «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» በሚል ነው፤ ሕዝቡም አሳጥሮ «አተት» አለው። ስያሜው ምልክትን እንጂ ምክንያትን አይናገርም። ምክንያቱ ያልተነገረው ሕዝብ ደግሞ የበርሜሉን አፍ እንዲጠራጠር የሚያደርገው ነገር ያንሳል።

በርሜል የሠራውን ስሕተት ከሁሉ ቀድመው የተረዱት፣ ያስገርማል፣ ወታደሮች ናቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካዊው የጦር ሐኪም ዊልያም ሊስተር ለሰፈር ጦር የሚሆን የሸራ ከረጢት አዘጋጀ። ከሦስት እግር ላይ ይንጠለጠላል፤ ከ130 ሊትር በላይ ይይዛል፤ በውስጡ የክሎሪን ዱቄት ይጨመርበታል። የእኔን ዓይን የሚስበው ግን ዱቄቱ ሳይሆን ከግርጌው ዙሪያውን የተተከሉት ትንንሽ መክፈቻዎች ናቸው። መቶ ወታደር መቶ ኩባያ ከላይ እንዳይነክር ውሃው ከታች ይወጣል። ጦሩ አንድ ቀላል ነገር ተገንዝቧል፦ ለብዙ ሰው የሚሆን የውሃ ዕቃ እጅ የማይደርስበት መሆን አለበት።

ሁለተኛውም ዕቃ ከጦር ሜዳ የመጣ ነው፤ ዛሬ በእያንዳንዳችን ቤት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የጀርመን ጦር 20 ሊትር የሚይዝ፣ ሦስት እጀታ ያለው፣ በአንድ እጅ ተቈልፎ የሚከፈት የብረት ጣሳ አሠራ። ንድፉ ቪንሰንስ ግሩንፎገል የተባለ መሐንዲስ ነው። እንግሊዞች በሰሜን አፍሪካ በረሃ የራሳቸው ስስ የቆርቆሮ ጣሳ እያፈሰሰ ነዳጃቸውን ሲያባክንባቸው፣ ከጀርመኖች የማረኩትን ዕቃ ከምንም በላይ ይፈልጉት ነበር። ጀርመናዊውን ወታደር «ጄሪ» ብለው ይጠሩት ስለ ነበረ ዕቃውን «የጄሪ ካን» አሉት። ከዚህ የመጣ ነው ጀሪካን። የእቴጌ ጣይቱን ጦር የልጅ ልጆች ውሃ የሚያጠጣው ዕቃ የበረሃ ጦርነት ምርኮ መሆኑን ሳስብ ታሪክ ቀልደኛ ነው እላለሁ።

ብረቱ ወደ ላስቲክ ሲለወጥ፣ የምግብ ዘይት ተሞልቶ የሚመጣው ቢጫ ጀሪካን ባዶው ወደ ጓዳ ሲገባ፣ እንስራ በፍጥነት ወደ ሙዚየም ገባ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባዶው አይከብድም፤ ቢወድቅ አይሰበርም። በጀርባዋ እንስራ ተሸክማ ለምትወጣ ሴት ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም፤ ናፍቆት የሚሰማው ተሸክሞ የማያውቅ ነው። ከዚህም በላይ ሳይታሰብ የተመለሰ ነገር አለ፦ ጠባቡ አፍ። ጀሪካን እንደ እንስራ በማዘንበል ይቀዳል። ይሁን እንጂ የእንስራን ልማድ ይዞ አልመጣም። አይታጠንም። ውስጡን እጅ አይደርስበትም፤ እጅ እንዳይገባ የሚከለክለው ያው ጥበት ብሩሽም ይከለክላል። እናቶቻችን ያገኙለት ዘዴ ጠጠርና ሳሙና ከጥቂት ውሃ ጋር ጨምሮ መነቅነቅ ነው፤ ከዚህ የተሻለ እስካሁን አልሰማሁም። ፀሐይ ላይ ቆይቶ ውስጡ አረንጓዴ የለበሰ ጀሪካን የምታውቁት ይመስለኛል።

አሁን ወደ ካልካታ ልመለስ። ኮኽ ኵሬዋን ከመረመረ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ የሕንድ ተመራማሪዎች በዚያችው ከተማ ድኻ ሰፈሮች ውስጥ ኮሌራ ያለባቸውን ቤተሰቦች ወሰዱ። ለአንዳንዶቹ ውሃቸውን በክሎሪን አከሙላቸው። ለሌሎቹ ያደረጉት ነገር «ሶራይ» የሚባለውን ባህላዊ ጠባብ አንገት ያለው የሸክላ ዕቃ መስጠት ብቻ ነው። ሁለቱም ያለ ምንም እርዳታ ከቀሩት ቤቶች ጋር ሲነጻጸሩ በሽታው በቤተሰቡ ውስጥ የሚዛመትበት መጠን በግልጽ ቀነሰ። መድኃኒት ያልነካው፣ አንገቱ ብቻ የጠበበ ሸክላ! ይህን ጥናት መጀመሪያ ባነበብሁ ጊዜ የእናቴ እንስራ በሩቅ አገር ምስክር ያገኘ መሰለኝ።

እ.ኤ.አ. በጥር 1991 ኮሌራ ፔሩ ሲገባ፣ ትሩሂዮ በተባለች ከተማ የተደረገው ምርመራ ከዋና ዋና የአደጋ ምክንያቶች አንዱ እጅ ከተነከረበት የቤት ዕቃ ውሃ መጠጣት መሆኑን አሳየ። ከዚያ ወረርሽኝ በኋላ ነው የአሜሪካ የበሽታ መቈጣጠሪያ ማእከልና የአሜሪካ አህጕር የጤና ድርጅት ሦስት ነገር ያጣመረ ዘዴ ያቀረቡት፦ በቤት ውስጥ የሚጨመር ቀላል የክሎሪን ፈሳሽ፣ ጠባብ አፍና ቧንቧ ያለው ዕቃ፣ የልማድ ለውጥ። ማላዊ ውስጥ የሞዛምቢክ ስደተኞች በሚገኙበት ካምፕ ክዳንና መቅጃ ያለው ባልዲ ለታደላቸው ቤተሰቦች፣ በውሃቸው ውስጥ የተገኘው የዓይነ ምድር ብክለት አመልካች ባክቴሪያ በ69 በመቶ ዝቅ ብሏል። ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የተቅማጥ መጠን በ31 በመቶ ቀንሷል፤ የመጨረሻው ቍጥር በስታቲስቲክስ ሚዛን ጠርዝ ላይ የቆመ መሆኑን መደበቅ የለብኝም። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ራይትና ባልደረቦቹ 57 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ውሃ ከምንጭ ወደ ቤት እስኪደርስና እስኪጠጣ ድረስ የሚደርስበት ብክለት በንጽጽር የሚከፋው ምንጩ ንጹሕ በሆነበት ቦታ መሆኑን አገኙ። የዛሬውን ክርክሬን በቍጥር የሚደግፍልኝ ይህ ነው። ጐርፍ የቆሸሸው ወንዝ ላይ አንድ እጅ ምንም አይጨምርም፤ ንጹሕ ውሃ ላይ ግን ሁሉን ነገር ይለውጣል።

በአገራችንም «ውሃ አጋር» የተባለው የክሎሪን ፈሳሽና «ቢሻን ጋሪ» የተባለው፣ ደፍራሹን የሚያጠልልና የሚያክም ዱቄት ገበያ ላይ ውለዋል። በወረርሽኝ ጊዜ ይታደላሉ፤ ወረርሽኙ ሲያልፍ ይረሳሉ። ስለ እነርሱ ብዙ አልናገርም፤ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ በአዳራሹ አሉ።

የታሪክ ሰው ምክር አይሰጥም የሚሉ መምህራን ነበሩኝ። አክብሬአቸው ሳለ ዛሬ ለጥቂት ደቂቃ እተላለፋቸዋለሁ፤ ምክንያቱም ንግግሩን ለቤተሰቤ ባነበብሁላቸው ጊዜ የጠየቁኝ «ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?» ብለው ነው። በድንገተኛ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ ቢያንስ አራት ሊትር ግድም ቢታሰብ፣ አምስት ሰው ላለው ቤት የሦስት ቀን መጠባበቂያ 60 ሊትር፣ ማለትም ሦስት ጀሪካን ነው። ይህ በርሜል አይጠይቅም። ከበርሜሉ ጋር ያደረግነው ስሕተት የመጠጡንና የመታጠቢያውን ውሃ በአንድ ዕቃ ማድረጋችን ነው። ለልብስና ለመጸዳጃ በርሜሉ ይበቃል። የሚጠጣው ግን የምግብ ዘይት ወይም ውሃ እንጂ ሌላ ነገር ያልያዘ፣ ክዳኑ የሚገጥም፣ ቢቻል ከግርጌው ቧንቧ ያለው ዕቃ ይፈልጋል። የጸረ ተባይ መድኃኒት ወይም ነዳጅ የነበረበት ጀሪካን ስንት ጊዜ ቢታጠብ የውሃ ዕቃ አይሆንም። ቧንቧ ያልተበጀለት ከሆነ ይዘንበል እንጂ አይጨለፍ። ከፀሐይና ከነጭ ጋዝ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ቀኑ ይጻፍበት፤ በቤት የተሞላ ውሃ ሳይነካ ቢቆይ እንኳ በየስድስት ወሩ እንዲለወጥ ይመከራል።

ውሃው ከየት እንደ መጣ የሚያጠራጥር ከሆነና ማፍላት የማይቻል ከሆነ፣ ሽታና ቀለም የሌለው በረኪና ያገለግላል፤ ጥንካሬው ከ5 እስከ 9 በመቶ ለሆነው፣ ለአንድ ሊትር ጥሩ ውሃ ሁለት ጠብታ ነው፤ ደፍራሽ ከሆነ መጀመሪያ በንጹሕ ጨርቅ ተጠልሎ መጠኑ ይታጠፋል፤ ከዚያ 30 ደቂቃ ይቆያል። በገበያችን ያለው በረኪና ጥንካሬው የተለያየ ስለሆነ ጽሑፉን ማንበብ ያስፈልጋል፤ ጽሑፍ የሌለውን ለመጠጥ አትጠቀሙ። ለዚሁ የተዘጋጀ መድኃኒት ከተገኘ ግን በረኪናውን መሞከር አያስፈልግም።

ወደ ሙያዬ ልመለስ። ጀሪካን ከጦር ስም፣ «ሃይላንድ» ከአንድ የታሸገ ውሃ ስም፣ «ሮቶ» ከአንድ የታንከር ስም መጥተው በቋንቋችን የዕቃ ዓይነት ሆነዋል። እንስራ፣ ማሰሮ፣ ጋን ስማቸውን ያገኙት ከእኛው ነው። በሁለቱ የስም ጎራዎች መካከል ባለው 70 ወይም 80 ዓመት ውስጥ በየጓዳው የተካሄደው ለውጥ ከገፈርሳና ከለገዳዲ ታሪክ ያልተናነሰ ይመስለኛል፤ ይሁንና የሚያውቁት ሴቶች እያለፉ ነው። መቼ ነበር ሰፈራችሁ ውስጥ የመጨረሻው እንስራ የተሰበረው? መጀመሪያ በርሜል ያስገባው ቤት የማን ነው? አናቱን ማን ቈረጠው? ውሃ በጠፋበት ሳምንት መጀመሪያ የሚጠጣው ማን፣ የሚጠበቀውስ ማን ነበር? ይህ በመዝገብ ቤት አይገኝም። በዚህ ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች፣ የገዛ አያቶቻችሁን ጓዳ እንደ ቤተ መዛግብት እንድትከፍቱት ፈቃደኛ አማካሪ መሆኔን አሳውቃለሁ።

ቤታችን ዛሬ ሦስት ጀሪካን በአልጋ ሥር አለው፤ በነጭ ፕላስተር ቀን ተጽፎባቸዋል። አንዱ በጠበል ጀሪካን ተደባልቆ ነበርና አሁን «የመጠጥ» የሚል ተጨምሮበታል። በርሜሉ ደጅ ወጥቶ ልብስ ይታጠብበታል። እናቴ 80 ዓመት አልፏታል፤ ጀሪካኑን በየወሩ ጠጠር ጨምራ ራሷ ካልነቀነቀችው ደስ አይላትም። ባለፈው ፋሲካ የወይራ ፍልጥ አምጥታ ልታጥነው ስትል ላስቲክ መሆኑን አስረዳኋት። አልተስማማችም።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።